ለስላሳውን ድንጋይ የመረጠ መንገድ

እንግሊዝ አገር፣ ደርቢሻየር ውስጥ፣ ማም ቶር በሚባል ኮረብታ ግርጌ መኪና የማይሄድበት አስፋልት አለ። መንገዱ ጥቂት እንደ ሄደ ድንገት ይሰበርና ዝቅ ብሎ፣ አጋድሎ ይቀጥላል። የተሰበረው ጠርዝ ላይ ጎንበስ ብሎ ላየው ሰው አስፋልቱ አንድ ወጥ አይደለም። አስፋልት፣ ጠጠር፣ እንደገና አስፋልት፣ እንደገና ጠጠር እየተደራረበ ውፍረቱ ከአንድ መንገድ ውፍረት እጅግ ያልፋል። እያንዳንዱ ድርብ፣ መሬቱ በተንሸራተተ ቁጥር የሰመጠውን ለመሙላት የተደረገ ጥገና ነው።

መንገዱ የተሠራው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የተሠራውም ዊናትስ የሚባለውን ጠባብ ሸለቆ ለመሸሽ ነበር። ዊናትስ በኖራ ድንጋይ ግድግዳዎች መሐል የሚወጣ ዳገት ነው፤ በቦታ ቦታው ከ20 በመቶ በላይ ይሆናል፤ ማለትም 100 ሜትር ወደ ፊት ሲኬድ ከ20 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። ጭነት ለሚጎትት ፈረስ ይህ መከራ ነው። የማም ቶር ተዳፋት ግን ሰፊና ገር ነበር። ገር የሆነበት ምክንያት ግን ራሱ ወጥመዱ ነው፤ ቦታው በሺዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ያስቆጠረ የመሬት መንሸራተት ነው። ላይ የአሸዋ ድንጋይና ሼል (በስሱ የሚሰነጠቅ፣ ከጭቃ የረጋ ድንጋይ) እየተፈራረቁ ተነባብረዋል፤ ሥራቸው ደግሞ ውኃ ሲያገኝ የሚላላ ሼል አለ። ዝናብ ከላይ ይሰርጋል፣ ሼሉ ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ የላይኛው ክምር በራሰው ሼል ላይ ይንሸራተታል። በ1977 መንገዱ ወደ አንድ መስመር ጠበበ፤ በ1979 ለመኪና ለዘለቄታው ተዘጋ። መኪናውም ተሸሽቶ ወደ ነበረው ዊናትስ ተመለሰ።

የድሮ መንገድን የሚያስሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ ስለ ድልድዩ፣ ስለ ምልክት ድንጋዩ፣ ስለ ማረፊያ ቤቱ ያወራሉ፤ የድንጋይ ወዳጆች ደግሞ ስለ ንብብሩ። ሁለቱን ለይቶ ማየት ግማሹን ማጣት ነው ባይ ነኝ። ጠንካራ ድንጋይ ገደል ይሆናል፤ ገደል መቁረጥ ደግሞ ድማሚት፣ ጉልበትና ገንዘብ ይፈልጋል። ለስላሳ ድንጋይ ተዳፋት ይሆናል፤ ተዳፋት በአካፋና በዶማ ይሸነፋል። ስለዚህ ገንዘብና ጊዜ ያጠረው ቀያሽ ለስላሳውን ይመርጣል፤ ለስላሳውም ከዓመታት በኋላ መንገዱን ይበላዋል። የትኛውም ተራራማ አገር ውስጥ የድሮ መንገድ ለምን እንደ ታጠፈ፣ ለምን እንደ ተተወ ለማወቅ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው፦ እዚህ ቦታ ቀያሹ ከጠንካራውና ከለስላሳው የትኛውን መረጠ?

ይህን በአንድ መንገድ ላይ ከላይ እስከ ታች ማንበብ ለሚፈልግ የዓባይ በረሃ መንገድ አለለት። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወንዙን ተሻግሮ ደጀን የሚወጣው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በእያንዳንዱ ወገን ከ1,300 ሜትር በላይ ይወርዳል ይወጣል። ድልድዩ አጠገብ የአሸዋ ድንጋይ ነው። ከእሱ በላይ ጀሶና ሼል የተቀላቀሉበት ንብብር ይመጣል፤ የምድር ሳይንስ ሰዎች ስሙን ከጎሐ ጽዮን ወስደውለታል። ከዚያ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጭቃ ድንጋይ፣ ከዚያ እንደገና የአሸዋ ድንጋይ፣ በመጨረሻም አፋፉ ላይ ጥቁሩ ባዛልት፣ ማለትም የረጋ ላቫ። ከሩቅ ሲታይ ገደል፣ ተዳፋት፣ ገደል፣ ተዳፋት እያለ እንደ ደረጃ ይወርዳል። ገደሎቹ ባዛልቱ፣ የኖራ ድንጋዩና የአሸዋ ድንጋዩ ናቸው፤ ተዳፋቶቹ ጀሶው፣ ሼሉና ጭቃ ድንጋዩ። መንገዱ የሚንሸራተተውም በአብዛኛው ተዳፋቶቹ ላይ፣ ከላይ የወረደ ናዳ በተከመረባቸው ቦታዎች ነው። ጀሶ በተለይ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ በጥፍር የሚጫር ልስልስ ከመሆኑም በላይ ይሟሟል። አንድ ሊትር ውኃ ከ2 ግራም በላይ ጀሶ ይዞ ይሄዳል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ከመንገዱ ሥር ጥቂት ይቀነሳል ማለት ነው።

ስለዚህ ድንጋዩን ከማየት በፊት አስፋልቱን ማየት ይጠቅማል። ተደጋግሞ የተጠገነ፣ የሚያዋልል፣ ቀለሙ የተዥጎረጎረ ቁራጭ ከሥሩ ለስላሳ ነገር አለ ብሎ ይናገራል። ወደ ገደሉ በኩል እንደ ጨረቃ ቅርጽ የተጠማዘዘ ስንጥቅ ካለ የመንሸራተቱ ራስ እዚያ ነው፤ የጨረቃው ሁለት ጫፎች ቁልቁል ይጠቁማሉ። ያጋደለ የኤሌክትሪክ ምሰሶ፣ የተጣመመ የብረት መከላከያ፣ ሆዱ የተነፋ የድጋፍ ግንብ፣ በሽቦ ቅርጫት የታሰረ ድንጋይ፣ ማለትም ጋቢዮን፣ ተከታትለው ሲመጡ ቦታው እየሄደ ነው። ግንዱ ሥሩ ላይ ጎብጦ ከዚያ ቀጥ ያለ ዛፍም ፍንጭ ነው፤ ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ በረዶና ልቅ አፈርም ግንድ ያጎብጣሉ።

ተቃራኒው ምርጫም አለ፤ የሮማውያኑ ቪያ አፒያ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ312 አፒዩስ ክላውዲዩስ ያስጀመረው ይህ መንገድ ከሮም ወጣ ብሎ የሚሄደው በአንድ የቆየ የላቫ ፍሰት ጀርባ ላይ ነው። ላቫው ከአልባን ኮረብታዎች እሳተ ገሞራ ወደ ከተማው አቅጣጫ 10 ኪሎ ሜትር ያህል የፈሰሰ፣ ዕድሜው ከሩብ ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነ ነው። ጀርባው ደረቅ ነው፣ ውኃው በግራና በቀኝ ይወርዳል፤ ለንጣፍ የሚሆነውም ጥቁር ድንጋይ ከዚያው ከላቫው ይፈለፈላል። መንገዱ በላቫ ላይ ቆሞ ላቫ ለብሷል። ድንጋይን ለመንገድ እንዲህ አስማምቶ የተጠቀመ ሌላ ቅያስ ማግኘት ይቸግራል።

የተተወውን መስመር ማግኘት ከባድ አይደለም፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። ሥራው የሚጀምረው ቤት ውስጥ ነው። የአሁኑን የሳተላይት ምስልና ያገኙትን ያህል የቆየ የመሬት አቀማመጥ ካርታ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። አዲሱ መንገድ ቀጥ ብሎ ሲሄድ አሮጌው እንደ ቀስት ወጥቶ የሚመለስባቸውን ቦታዎች ምልክት ያድርጉ። መንገድ የሌለበት የዛፍ ሰልፍ፣ ወንዝ ዳር ሲደርስ የሚቆም መንገድ፣ ያለ ምክንያት የሚጠማዘዝ የእርሻ ድንበር፣ ከአዲሱ መንገድ ተለይቶ የሚሄድ የምሰሶ መስመር፣ ሁሉም ይቆጠራሉ። ከዚያ ዳገቱን ያስሉ፦ በሁለት የከፍታ መስመሮች መሐል ያለውን ልዩነት በመንገዱ ርዝመት ማካፈል ነው። 40 ሜትር ከፍታ በ800 ሜትር ርዝመት 5 በመቶ ይሆናል። የጠረጠሩት መስመር ለ2 ኪሎ ሜትር አንድ ዓይነት ዳገት ይዞ ከቀጠለ ሰው የቀየሰው ነው፤ ዳገቱ ከ3 ወደ 14 እየዘለለ የሚሄድ ከሆነ የእግር ወይም የከብት መንገድ የመሆን ዕድሉ ይሰፋል።

እዚህ ላይ የሚሳሳቱት ብዙ ናቸው። የድሮ የባቡር ሐዲድ መስመር ከድሮ መንገድ ጋር ይምታታል። መለያው ዳገቱና ኩርባው ነው፤ ተራ ሐዲድ ከ3 በመቶ በላይ ብዙም አይወጣም፣ ኩርባውም ሰፊ ነው። የመስኖ ቦይ ደግሞ ከሞላ ጎደል ደልዳላ ነው። የሳተላይት ካርታና የቆየ ካርታ ሲደራረቡ ደግሞ አሥር፣ ሃያ ሜትር መዛነፍ የተለመደ ስለሆነ፣ ቦታው ላይ ሲደርሱ መስመሩን በሁለቱም ወገን መፈለግ እንጂ ስልኩ ያሳየው ነጥብ ላይ ቆሞ "የለም" ማለት ትክክል አይደለም። ቦታው ላይ የሚታመኑት ውኃ ማሳለፊያዎች ናቸው። አስፋልት ይነሣል፣ ጠጠር ይጠረጋል፤ በድንጋይ የተገነባ ቱቦ ግን ማንም አይነቅለውም። ከአዲሱ መንገድ 30 ሜትር ላይ፣ ሣር ውስጥ፣ ድንጋይ በድንጋይ የተገጠመ ትንሽ ቅስት ካገኙ አሮጌው መንገድ በዚያ ቅስት ላይ ያልፍ ነበር።

የመንገዱ ሆድም ይነበባል። ውኃ ጠርዙን የበላበትን ቦታ ይፈልጉና ድርብርቡን ከሥር ወደ ላይ ያንብቡ፤ ልክ እንደ ድንጋይ ንብብር የታችኛው ይቀድማል። ከሥር ትልልቅ ድንጋዮች በእጅ ተደርድረው ከቆሙ የስኮትላንዱ መሐንዲስ የቶማስ ቴልፎርድ ስልት ነው። ከላይ እስከ ታች ትንንሽ ኮረት ብቻ ከሆነ የዘመኑ መንገድ ሠሪ የጆን ማካዳም። ማካዳም በላይኛው ድርብ ከ170 ግራም ገደማ በላይ የሚመዝን ድንጋይ አይፈቅድም ነበር፤ የእሱ እምነት ሸክሙን የሚሸከመው ከሥር ያለው አፈር ነው፣ አፈሩ ግን መድረቅ አለበት የሚል ነው። ማዕዘን ያለው ስባሪ ድንጋይ እርስ በርሱ ተቆላልፎ ውኃውን ከአፈሩ ያርቃል፤ ክብ የወንዝ ጠጠር አይቆላለፍም፣ ይንከባለላል። በ1811 ከከምበርላንድ የተጀመረው የአሜሪካው ብሔራዊ መንገድ ደግሞ ድንጋዩን በቀለበት ይለካ ነበር፦ የሥረኛው 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ቀለበት፣ የላይኛው 7.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ቀለበት ማለፍ ነበረበት። የተበላ ጠርዝ ላይ ሜትር ዘርግቶ የድንጋዮቹን መጠን መመዝገብ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ የመንገዱን ዘመን ለመገመት ግን ጥሩ መነሻ ነው።

አሁን ወደ ቁርጡ፤ ኮረብታው ተቆርጦ ድንጋዩ ወደ ተገለጠበት ግድግዳ። በመጀመሪያ የሚታየው ነገር ብዙ ጊዜ የሰው ሥራ ነው። እኩል እየተራራቁ ከላይ እስከ ታች የሚወርዱ፣ ስፋታቸው 7 ወይም 8 ሴንቲ ሜትር የሆነ ግማሽ ቱቦ መሳይ ጎድጓዳ መስመሮች የድንጋይ ጠባይ አይደሉም። ከዋናው ፍንዳታ በፊት ግድግዳው ለስላሳ ሆኖ እንዲቆረጥ በመስመር የተበሱ የመሰርሰሪያ ቀዳዳዎች ግማሽ ናቸው። ይህ አቆራረጥ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ መለያ ነው። ቀዳዳዎቹ አጫጭር፣ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው፣ አቅጣጫቸውም የተዘበራረቀ ከሆነ በእጅ መዶሻ የተበሱ ሊሆኑ ይችላሉ። የመሰርሰሪያ መስመሮቹ ጥርት ብለው የቀሩበት ድንጋይ ጠንካራ ነው፤ መስመሮቹ ጠፍተው ግድግዳው የተፈረካከሰበት ደግሞ በስንጥቅ የተሞላ ወይም ለስላሳ ነው። ግራጫ ሆኖ ወጥነት ያለው፣ ሸካራ፣ ንብብር የሌለው ነገር ደግሞ የተረጨ ኮንክሪት ነው። ከሥር የተከመረውም ትልልቅ ድንጋይ ከሌላ ቦታ በመኪና የመጣ ሊሆን ስለሚችል፣ ከቦይ ውስጥ የተለቀመን ድንጋይ ከግድግዳው ጋር ሳያመሳክሩ "የዚህ ቦታ ድንጋይ" ማለት አይገባም።

ከዚያ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ መላውን ግድግዳ ማየት ነው። አፍንጫን ከድንጋይ ጋር አስጠግቶ መጀመር የጀማሪ ስሕተት ነው። መጀመሪያ ንብብሩን ከስንጥቁ መለየት ያስፈልጋል። ንብብር ከሆነ በመስመሩ ላይና ታች ያለው ድንጋይ ይለያያል፤ ቀለሙ፣ የፍሬው መጠን ወይም ጥንካሬው ይቀየራል። ስንጥቅ ከሆነ ግን በሁለቱም ወገን ያለው ድንጋይ አንድ ነው። ስንጥቅም እኩል እየተራራቀ፣ ትይዩ ሆኖ ሊደረደር ስለሚችል ብዙ ሰው እሱን ንብብር እያለ ያልፋል። ቀለም ብቻውንም ያታልላል። ከስንጥቅ የሚወጣ ውኃ ብረቱን እያዛገ ግድግዳውን ቀይና ቡናማ ይቀባዋል፤ ቀይ የሆነው ቆዳው እንጂ ሥጋው አይደለም። ትኩስ ስብራት ያለበትን ቦታ ይፈልጉ።

ዝንባሌው ሌላው ወጥመድ ነው። ቁርጡ የሚያሳየው ድንጋዩ በመንገዱ አቅጣጫ ያለውን ዝንባሌ ብቻ ነው። ንብብሩ በእውነት 30 ዲግሪ አዘቅዝቆ፣ ቁርጡ ግን ከንብብሩ አግድም መስመር (ያጋደለው ንብብር ገጽ ላይ ደልዳላ ሆኖ ከሚሰመረው መስመር) ጋር 30 ዲግሪ አንግል ሠርቶ ቢያልፍ ግድግዳው ላይ የሚታየው 16 ዲግሪ ነው። ቁርጡ ከአግድም መስመሩ ጋር ትይዩ ከሆነ ደግሞ ንብብሩ ፍጹም ደልዳላ ይመስላል። መፍትሔው አቅጣጫው የተለየ ሁለተኛ ግድግዳ ነው፤ የድሮ መንገድ ጥቅሙም እዚህ ላይ ይጎላል፤ እየተጠማዘዘ ስለሚሄድ ያንኑ ድንጋይ ከሦስትና ከአራት አቅጣጫ ያሳያል። ቀጥ ብሎ የሚሄደው አዲሱ አውራ ጎዳና ትልቅ ግድግዳ ይሰጣል፣ ግን ከአንድ ወገን ብቻ። ዝንባሌን በስልክ የሚለኩ ሰዎች ደግሞ ልብ ይበሉ፦ የስልክ ኮምፓስ ከመኪና ወይም ከብረት መከላከያ አጠገብ ይሳሳታል። ብዙ እርምጃ ራቅ ብሎ መለካት፣ ሦስት ጊዜም መድገም ነው።

አሮጌውና አዲሱ መንገድ ተያይተው ብዙ የሚያስተምሩበት ቦታ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ያለው ሳይድሊንግ ሂል ነው። አሮጌው መንገድ ኮረብታውን እየተጠማዘዘ ይወጣዋል። በ1985 የተከፈተው አውራ ጎዳና ግን 340 ጫማ፣ ማለትም 104 ሜትር ገደማ ጥልቀት ባለው ቁርጥ ሰንጥቆት ያልፋል። አሮጌው መንገድ ላይ የሚሄድ ሰው ኮረብታ ስለ ወጣ ድንጋዩም ወደ ላይ የታጠፈ ይመስለዋል። ቁርጡ ሲገለጥ ግን ንብብሮቹ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ወደ ታች ታጥፈዋል። በእጥፋቱ ሆድ ውስጥ የቀረው ጠንካራ የአሸዋ ድንጋይ ስላልተሸረሸረ ሸለቆ መሆን የነበረበት ኮረብታ ሆኖ ቀረ። አሮጌው መንገድ ጠንካራውን ድንጋይ ዞረው፤ አዲሱ ሰነጠቀው፤ የዞረው ባይኖር ግን የተሰነጠቀው ምን ያህል እንደ ከበደ አይታወቅም ነበር።

ባዛልት የሚያነብ ሰው ደግሞ የኦሬጎንን የኮሎምቢያ ወንዝ መንገድ ይመልከት። በ1913 እና በ1922 መካከል የተሠራ ሲሆን፣ መሐንዲሱ ሳሙኤል ላንካስተር ዳገቱ ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር። ይህ ቁጥር ነው መንገዱን የሚያጣምመው፤ ገደል ሲመጣ ሽቅብ መውጣት ስለማይቻል እንደ 8 ቁጥር ተጠቅልሎ ይወርዳል። የባዛልት ፍሰት ሲነበብ ከሥር ወፍራምና ቀጥ ያሉ ምሰሶዎች፣ ከላያቸው ቀጫጭንና የተዘበራረቁ ምሰሶዎች፣ ከሁሉ በላይ በአረፋ ቀዳዳ የተሞላ ጫፍ ይታያል። ከዚያ ቀጥሎ የተጠበሰ ቀይ አፈር ካለ በሁለት ፍሰቶች መሐል ዝናብ የዘነበበት፣ ተክል የበቀለበት ጊዜ አልፏል። ላቫው ውኃ ውስጥ ገብቶ ከነበረ ትራስ የመሳሰሉ ክብ ቁልሎች ይተዋል። የምሰሶዎቹን ቁም ስንጥቅ ከንብብር ጋር አያምታቱ፤ የፍሰቶቹ ወሰን አግድም የሚሄደው ነው። በዚህ መንገድ ላይ በ1921 የተጠናቀቁት የሞዚየር መንትያ ዋሻዎች በ1950ዎቹ በድንጋይ ተሞልተው ተዘግተው ነበር፤ በ2000 ለእግረኛና ለብስክሌት ተከፈቱ። በሚያልፍ መኪና ሳይሳቀቁ ባዛልት ለማንበብ ከዚህ የሚሻል ቦታ ጥቂት ነው።

ዕቃው ብዙ አይደለም። 10 ጊዜ የሚያጎላ የእጅ ሌንስ፣ ቢላዋ፣ ሜትር፣ ማስታወሻ ደብተርና በትንሽ ጠብታ ጠርሙስ 10 በመቶ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይበቃሉ። አሲዱ የኖራ ድንጋይ ላይ ወዲያው ይፈላል፤ ዶሎማይት (ማግኒዚየም ያለበት የኖራ ድንጋይ ዘመድ) ላይ ድንጋዩ በቢላዋ ተፍቆ ዱቄት ካልሆነ በቀር እምብዛም አይፈላም። የአሸዋ ድንጋይ ከፈላ የሚፈላው አሸዋው ሳይሆን የሚያያይዘው ኖራ ነው። ጀሶ ጨርሶ አይፈላም። ጠብታው ከማረፉ በፊት አቧራውን ይጥረጉ፤ ከኮንክሪትና ከሲሚንቶ የመጣ አቧራም ይፈላልና። መዶሻ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ቁርጥ ግድግዳን በመዶሻ መምታት ከላይ የተንጠለጠለውን መጥራት ነው።

ስለ አደጋው ግልጽ ልሁን። ፈጣን አውራ ጎዳና ላይ ድንጋይ ለማየት አይቆምም፤ ቀጣዩ መውጫ ላይ ወጥቶ በአሮጌው መንገድ መመለስ ነው። ሌላ ቦታም ቢሆን መኪናውን ከቁርጡ ውጭ፣ ከኩርባ ርቆ ያቁሙ፤ አንጸባራቂ ሰደርያ ይልበሱ። ግድግዳው ሥር አይቁሙ። ትኩስ ስብራት ያላቸው፣ ሣር ያልበቀለባቸው ድንጋዮች ቦይ ውስጥ ካሉ ሌላም ይወርዳል። ከከባድ ዝናብ በኋላና ሌሊት በረዶ ሠርቶ ጠዋት በሚቀልጥበት ሰዓት ግድግዳውን ከማዶ ብቻ ይመልከቱ። የተተወ መንገድ ጠርዝም አይታመንም፤ አስፋልቱ ሙሉ ይመስላል፣ ከሥሩ ግን አፈሩ ሄዶ ሊሆን ይችላል።

ከመመለስዎ በፊት አሮጌውንና አዲሱን መስመር ባንድ ገጽ ላይ ይሳሉ፤ በእያንዳንዱ ኩርባ አጠገብም የሚታየውን ድንጋይ ይጻፉ። ኩርባዎቹ ድንጋዩ የሚቀየርባቸው ወሰኖች ላይ የሚሰበሰቡ ከሆነ ቀያሹ ምን እንዳየ ይታያል። ፎቶ ሲነሣ ሜትር ወይም መጠኑ የታወቀ ነገር ይግባበት፤ ያለዚያ የ2 ሜትርና የ20 ሜትር ግድግዳ በፎቶ ላይ አንድ ናቸው።

ለመለኪያ ያለውን ክብር ከሮም በስተደቡብ፣ ባሕር ዳር ባለችው ቴራቺና ላይ ያኖረ ሠራተኛም አለ። ቪያ አፒያ እዚያ ሲደርስ የኖራ ድንጋይ ገደል ከባሕሩ ጋር ተጋጥሞ መንገድ ስለ ከለከለው የመጀመሪያው መስመር ኮረብታውን ወጥቶ ይሻገር ነበር። ከ400 ዓመት በኋላ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ትራያን ዘመን፣ ገደሉ ከላይ እስከ ታች ተቆርጦ መንገዱ ባሕሩን ተከትሎ በደልዳላው አለፈ። ቆራጮቹ ከላይ እየወረዱ ሲሠሩ በየ10 የሮማ ጫማው ቁጥር ይቀርጹ ነበር። የመጨረሻው፣ ግርጌው ላይ ያለው፣ 120 ይላል፤ በእኛ መለኪያ 35 ሜትር ተኩል ገደማ። ቁጥሮቹ ዛሬም ግድግዳው ላይ ይነበባሉ።